ሁለት ጊዜ የተለወጠ ሰዓት

ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ወር ይዣለሁ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን አሁንም ልቤ ድንግጥ ይላል። ምን ተበላሸ? ማን ምን አጠፋ? እኔ ምን አጠፋሁ? ባለቤቴ ብርቄ "ሥራውን ለቀቅህ እንጂ ፍርሃቱ አንተን አልለቀቀህም" እያለች ትስቅብኛለች። እውነቷን ነው። በር ቆልፌ ሁለት ጊዜ ተመልሼ የምነካ፣ መበየጃውን ነቅዬ መንቀሌን ለማረጋገጥ ከደረጃ የምመለስ ሰው ነኝ። በሙያዬ ይህ አመል ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል። አንድ ቀን ግን፣ በጣም በሚያስፈልገኝ ሰዓት፣ ጥሎኝ ሄደ። የዚያ ቀን ነገር ነው እንድጽፍ ያስገደደኝ፤ ነገር ግን ከሥር ካልጀመርኩት አይገባም።

ሥራ የጀመርኩት ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። አለቃዬ ጋሽ ኢብራሂም ይባሉ ነበር። ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ የኮምቦልቻ ሙቀት እንኳ የሸሚዛቸውን የአንገት ቁልፍ የማያስፈታቸው ሰው ነበሩ። እኔ የወንጌላውያን አማኞች ቤተሰብ ልጅ ስለሆንኩ "ጴንጤው" ይሉኝ ነበር። ዓርብ ለጁምዓ ሲሄዱ መሳቢያቸውን አይቆልፉም። አንድ ሰው ለምን ብሎ ቢጠይቃቸው "ጴንጤው አለ አይደል? ይሄ እንኳን ሊሰርቅ፣ የራሱንም ዕቃ ሲወስድ ይፈራል" አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ የፋብሪካው ሰው ሁሉ በዚህ ሲያሾፍብኝ ኖረ።

ጋሽ ኢብራሂም ዕቃ ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። የሚፈቱትን ብሎን በሻይ ሰሃን ላይ በወጣበት ቅደም ተከተል ይደረድራሉ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ የማይሽሩት ሕግ ነበራቸው። ባለቤቱ ዕቃውን ይዞ ሲመጣ አይቀበሉትም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው "እስቲ እንደምትሠራበት አሳየኝ" ይላሉ። ሰውየው "ሞቷል እኮ ጋሼ፣ ምኑን ላሳይዎት?" ቢልም አይሰሙም። ያሳያል፤ እሳቸው ዕቃውን ሳይሆን የሰውየውን እጅ ያያሉ።

አንድ ጊዜ የበር ጥበቃው የእጅ ሬድዮ "ቃል ይበላል" ብሎ ሦስት ጊዜ አመጣብኝ። ሦስቴ ፈታሁት፣ ሦስቴ አጸዳሁት፣ ማይክራፎኑን ሁሉ ቀየርኩ። አራተኛ ሲመጣ ጋሽ ኢብራሂም አጠገቤ ነበሩ። "እስቲ ለመጋዘኑ ሰላም በልልኝ" አሉት። ሰውየው ጫን አደረገና ተናገረ። የመጨረሻዋን ቃል ሳይጨርስ ጣቱን ከቁልፉ ላይ ያነሳል። ሬድዮው ምንም አልሆነም፤ ሰውየው ችኩል ነበር። ጋሽ ኢብራሂም ወደ እኔ ዘወር ብለው "ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል፤ አንተ ሦስት ጊዜ ሬድዮ ፈታህ፣ አንድ ጊዜ ሰው አላየህም" አሉኝ። በጣም አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ምናምን ዓመት "እስቲ አሳዩኝ" ሳልል ዕቃ ከፍቼ አላውቅም፤ በኋላ የምነግራችሁ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ እስክትመጣ ድረስ።

ጋሽ ኢብራሂም ካረፉ በኋላ ወደ ደሴ ተዛወርኩ፤ የጤና ሥራን የሚከታተል አንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ጥገና ክፍል ገባሁ። የክትባት ማቀዝቀዣ፣ የእጅ ሬድዮ፣ ኋላም ኮምፒውተርና ማተሚያ ጠገንኩ። አለቆች መጡ ሄዱ። አንዱ ቁልፍ የሚሰበስብ ነበር፤ አንዷ ደብዳቤ ሳይጻፍ አምፖል የማታስቀይር ነበረች። የመጨረሻው አቶ ካሳሁን ነው፤ ጥሩ ልብ ያለው፣ ግን ሁልጊዜ ከአዲስ አበባ ሪፖርት የሚጠየቅና በዚያ ጭንቀት የሚኖር ሰው። ሁለት ፈሪዎች በአንድ ኮሪደር ላይ ተገናኘን።

አንድ ዓመት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የእጅ ስልክ ታደለ። ቤት ለቤት ሲዞሩ እናቱን፣ ሕፃኑን፣ ክትባቱን እዚያው ይመዘግቡበታል፤ ስልኩ ደግሞ የተመዘገበበትን ሰዓት ራሱ ይይዛል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ጣጣው ግን በየሰኞው እኔ በር ላይ ይሰለፍ ጀመር። ሴቶቹ ለገበያ ወደ ደሴ ሲወጡ ስልኩንም ይዘው ይመጣሉ። "አልከፍት አለኝ"፣ "መዝገቡ አልሄደም"፣ "ጽሑፉ ፈረንጅኛ ሆነ" ይሉኛል። አንድ በአንድ እያየሁ ቀኑ ይመሻል፤ ግማሾቹ ሳይደርሳቸው ይሄዳሉ። ከሐርቡ ከተማ ማዶ ድረስ ተጉዛ መጥታ ስልኳ ሳይሠራላት የምትመለስ ሴት ፊት በጣም ይከብደኛል።

ታዲያ አንድ ባልደረባዬ ከሥልጠና ሲመለስ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ሁሉ ነገሯ በአንዲት ሰሌዳ ላይ ያለ ኮምፒውተር አመጣልኝ። ስክሪን የላት፣ ቁልፍ ሰሌዳ የላት፤ ትንሿ የማስታወሻ ካርድ ላይ ሥርዓቱን ጭነህ መብራት ከሰጠሃት ትሠራለች። ስልኮቹን በገመድ ካገናኘሃቸው ሁሉንም በአንዴ ታያቸዋለች፤ የትኛው ምን ስሕተት እንደመዘገበ፣ የቱ ማከማቻው እንደሞላ፣ የቱ መዝገቡን እንዳልላከ ትነግርሃለች። በአንድ ትዕዛዝ ለሃያ ስልክ መድኃኒት ትሰጣለህ። በሃምሳ ምናምን ዓመቴ እንደ ተማሪ ቁጭ ብዬ ተማርኳት። ደስ አለኝ። ከጋሽ ኢብራሂም ጋር ከሠራሁበት ጊዜ ወዲህ በሥራ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በቀላሉ ግን እሺ አላለችኝም። መጀመሪያ ስልኮቹ ከዝርዝሩ ላይ አንድ በአንድ ይጠፉብኝ ነበር። አራት ይታያሉ፣ ደቂቃ ሳይቆይ ሁለት ይሆናሉ። ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋቱን ስልኮቹ ላይ ፈለግሁ። ለካ ሁሉም ስልክ ከሰሌዳዋ ላይ ኃይል ሲስብ እሷ ጉልበት ያጥራታል። ራሱን የቻለ የመብራት ገመድ ያለው ማከፋፈያ አድርጌላት ዳነች። ቀጥሎ ገመዱ። ከሰኞ ገበያ የገዛሁት ገመድ አብዛኛው ባትሪ ይሞላል እንጂ መረጃ አያሳልፍም። አንዱን በምላጭ ሰንጥቄ አየሁት፤ አራት ሽቦ መሆን የነበረበት ሁለት ብቻ ነው። የሚሠሩትን በብርቄ የጥፍር ቀለም ቀይ ምልክት አደረግሁባቸው። "በስተርጅና ጥፍር መቀባት ጀመርክ?" ብላ ስትስቅብኝ ከረመች።

ስልኮቹም ፈቃድ ይፈልጋሉ። ለባለሙያ የተደበቀው ገጽ እንዲከፈት የስሪት ቁጥሩን ሰባት ጊዜ መንካት ያስፈልጋል፤ ከዚያ ስልኩ "ይህን ኮምፒውተር ትፈቅዳለህ?" ብሎ ይጠይቃል። አንድ ጊዜ ከተፈቀደ ወዲያ ግን ሰሌዳዋ የስልኩን ባለቤት አትፈልግም። ሴቶቹ ስልኩን ትተው ገበያቸውን ዞረው ይመለሳሉ፤ ተሠርቶ ያገኙታል። ሰልፉ ጠፋ። አቶ ካሳሁን ለእንግዳ ሁሉ ሰሌዳዋን ያሳይ ነበር። እኔም ከሰው ጋር መነጋገር ሳያስፈልገኝ ሥራዬን መጨረሴ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተስማምቶኝ ነበር።

አንድ ጉድለት ነበረባት። ሰዓት የምታስታውስበት ባትሪ የላትም። መብራት ሲጠፋ ሰዓቷ ባለበት ይቆማል፤ መብራት ሲመጣ ከቆመችበት ትቀጥላለች፤ ኢንተርኔት ስታገኝ ነው የምትታረመው። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። የስልኩንና የሰሌዳዋን ሰዓት እያስተያየች ልዩነቱን እንድትጽፍልኝ አድርጌ ነበር፤ ግን ብዙ ጠዋት የሁሉም ስልክ ልዩነት ይወጣል፤ የተሳሳተችው ራሷ ሰሌዳዋ ትሆናለች። ቀስ በቀስ ያችን መስመር ማንበብ ተውኩ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ አቶ ካሳሁን ጠራኝ። "የቤት ለቤት ጉብኝቱን በሰዓት በሰዓት ዝርዝር አውጣልኝ" አለ። "ደግሞ ስልኩ የሚይዘው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ሪፖርቱን የሚያየው ሁሉ ግራ ይገባዋል። በእኛ ሰዓት አድርገው።" ቀላል ነው አልኩ። ሰሌዳዋ ሁሉንም ስልክ አንብባ፣ ስድስት ሰዓት ቀንሳ፣ "ከጠዋቱ"፣ "ከሰዓት" ብላ እንድታወጣ ጻፍኩላት። ገጹ ሲታተም በጣም ያምር ነበር።

ከሁሉ መሐል የአንዷ መስመር እንግዳ ሆነብኝ። ዘይነብ የምትባል፣ ከሐርቡ ማዶ ባለች ቀበሌ የምትሠራ ልጅ ናት። ሰኞ ሰኞ ስትመጣ አይቻታለሁ፤ ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ "ጋሼ አደራዎን" ብላ የምትሄድ፣ ዝምተኛ። ግማሹ ጉብኝቷ ከሌሊቱ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ይላል። በሌሊት የማን ቤት ይገባል? ደግሞ በመስመሯ መጨረሻ ላይ የስድስት ሰዓት ልዩነት ተጽፎ ነበር። ማታውን መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሰሌዳዋ ቆማ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሰሌዳዋ ቆማ ቢሆን ኖሮ ወደ ኋላ የምትቀረው እሷ ነበረች። ያን ቀን ወደ ኋላ የቀረው ስልኩ ነበር። ከቁጥሩ ፊት አንዲት አጭር የመቀነስ ሰረዝ ነበረች፤ አላየኋትም፣ ወይም አይቼ አልቆምኩላትም። በር ሁለቴ የምነካው ሰው ያችን ሰረዝ አንዴ እንኳ አልነካኋትም። ፈረምኩና ሰጠሁ።

አቶ ካሳሁን ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። "ይቺ ልጅ ቤቷ ተኝታ ነው የምትሞላው" አለ። እኔ ምንም አላልኩም። ዝም ማለቴ ከፊርማዬ እኩል ይቆጠራል።

ኮሚቴ ተቋቁሞ ወደ ቀበሌዋ ወረደ። በዝርዝሩ ላይ ካሉት ቤቶች ገብተው ሴቶቹን ጠየቁ። ጥያቄው አንድ ነበር፦ "ዘይነብ ሌሊት ቤትሽ መጥታ ታውቃለች?" እማ ሐዋ የሚባሉ አሮጊት፣ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ፣ "ወላሂ! ሌሊት ቤቴ ሰው አይገባም" ብለው ማሉ። "ግን እኮ..." ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ "የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ" ተባሉ። ዘጠኝ ቤት፣ ዘጠኝ መሐላ። ሁሉም እውነት ነው። ኮሚቴው "ጉብኝቱ አልተካሄደም፤ መዝገቡ ሐሰት ነው" ብሎ ጻፈ፤ ዘይነብም ጉዳይዋ እስኪወሰን ከሥራ ታገደች።

ይህን በኮሪደር ሰማሁ። አዘንኩላት እንጂ ጥርጣሬ አልገባኝም። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። "እንዲህ ያለች ደህና ልጅ፣ ምን ነካት?" ብዬ ለብርቄ አወራሁላት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዘይነብ ስልኳን ልታስረክብ መጣች። ሕጉ ስልኩ ላይ ያለው መዝገብ ባለቤቷ ባለችበት እንዲጠፋና ስልኩ ለተተኪዋ እንዲሰጥ ነው። ጥቁር ሻርፕ አድርጋለች፤ ዓይኗ አብጧል። ስልኩን ከሰሌዳዋ ጋር አገናኘሁት። ሁሉን የሚያጠፋውን ትዕዛዝ ጻፍኩ። የቀረው አንዲት ቁልፍ መጫን ነው። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ምናልባት የለቅሶዋን ድምፅ ስሰማ ፋታ ለማግኘት ይሆናል፣ ምናልባትም አሮጌው አመል ነው፣ አፌ ራሱ ተናገረ፦

"እስቲ እንደምትሞይበት አሳዪኝ።"

"አሁን ምን ያደርጋል ጋሼ?"

"ብቻ አሳዪኝ።"

ስልኩን ነቅላ ያዘችው። መዝገቡን ከፈተች። ስም፣ የሕፃኑ ክብደት፣ ክትባት፤ ጣቷ ፈጣን ነው። ጨርሳ ወደ እኔ አዞረችው። ከላይ በጥጉ ላይ አራት ሰዓት ከሃያ ይላል። እኔም ሳላስበው የእጄን ሰዓት አየሁ፤ አራት ሰዓት ከሃያ። ልክ ነው ብዬ ዓይኔን ወደ ሥራ ኮምፒውተሬ መለስኩ። እዚያ አሥር ሰዓት ከሃያ ይላል።

ጀርባዬን ላብ አጠመቀው። በደሴ ብርድ።

"ሰዓቱን ማን ነው የሞላው?" አልኳት።

"እኔ ነኛ። እኛ ጋ ኔትወርክ የለም፣ ባትሪው ባለቀ ቁጥር ሰዓቱ ይዘባረቃል። ከቤቴ ግድግዳ ሰዓት አይቼ ሞላሁት። አጠፋሁ እንዴ?"

አላጠፋችም። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው በአገሯ ሰዓት ሞላችው። እኔም የእጄን ሰዓት የሞላሁት በዚያው ነው። ስልኳ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት ይላል፤ ሰሌዳዋ ያን የፈረንጅ ሦስት አድርጋ ወሰደችው፤ የፈረንጅ ሦስት ደግሞ በእኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ነው። የተለወጠውን ሰዓት ደግሜ ለወጥኩት። ጠዋት የገባችበትን ቤት ሁሉ ሌሊት አደረግሁት። ልጅቷን ከሥራዋ አስወጥቼ የጣልኳት እኔ ነኝ። ያቺን ቁልፍ ብጫናት ኖሮ ደግሞ የሚመሰክርላት አንድም ነገር አይተርፍም ነበር።

ትዕዛዙን አጠፋሁ። "ስልኩን አልረከብም፤ ነገ ተመለሺ" አልኳት። ለምን እንደሆነ ግን ያን ሰዓት አልነገርኳትም። ፈራሁ። ይህንንም እዚህ ልጻፈው፤ ምንም ሳታውቅ ሄደች።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አቶ ካሳሁን ነው። ሰማኝ፣ ግንባሩን አሸ፣ በሩን ዘጋ። "ስማ" አለኝ፣ "ጡረታህ ደጅ ላይ ነው። ሲስተሙ ነው በል። ሲስተም አይከሰስም።" ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ለእኔም ለራሱም ፈርቶ ነው። ያቺ ምክር ቀኑን ሙሉ አብራኝ ዋለች። ጥሩ መውጫ ነበረች። ሲስተሙ ነው ብል ማንም አይጠይቀኝም፤ ማንም ከዚያች ሰሌዳ ጋር አይጣላም። ቤት ገብቼ ለብርቄ ስነግራት ሳህኑን እያጠበች ሰማችኝ። "አንተ ለማይሆነው ሁሉ ስትፈራ ኖርክ" አለች፤ "አሁን የሚያስፈራ ነገር መጣ። ምን ታደርጋለህ እንግዲህ?" ጸለይን። በነጋታው ለኮሚቴው ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የተቀደደው ረቂቅ ከተጻፈው በለጠ።

ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ስልኩን፣ የእጄን ሰዓትና ሪፖርቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳየኋቸው። ዘይነብ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሰብሳቢው ፈጥነው ገባቸው። "ታዲያ ኮምፒውተሩ ነዋ የተሳሳተው" አሉ፤ ፊታቸው ላይ እፎይታ ነበር፤ ማንም ሳይነካ ጉዳዩ ሊዘጋ ነው።

"አይደለም" አልኩ። "እሱ ያዘዝኩትን ነው የሠራው። ልዩነቱንም ጽፎ ነግሮኛል። ሳላጣራ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ልጅቷን ጠርቼ አንድ ጊዜ ብጠይቃት ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።"

ዘይነብ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፤ ፋይሌ ውስጥ አለ፤ የጡረታ ወረቀቴም በጊዜው አለቀ። በሰሌዳዋ ላይ የሰዓት ባትሪ ገጠምኩላት፤ ልዩነቱ ከአምስት ደቂቃ ካለፈም "የስልኩን ባለቤት ጠይቅ" ብላ ሥራ እንድታቆም አደረግኋት። ተተኪዬ "ትንሽ ታሰለቻለች" ይላል። ታሰልች።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ዘይነብ ክፍሌ መጣች። አልተቀመጠችም።

"ጋሼ፣ ደሴ ላይ ያሉትን ሰማሁ። አላህ ይስጥዎ" አለች። "እነ እማ ሐዋ ግን ደሴ አልነበሩም። እዚያ ሌባ ተብዬ ነው የወጣሁት። በደብዳቤ ነው የተመለስኩት። ደብዳቤ ደግሞ እዚያ የሚያነብ የለም።"

"ምን ላድርግ ልጄ?"

"አፉ በሉኝ ይሏቸዋል። በየቤቱ።"

በእኛ አገር አፉታ፣ ይቅርታው ማለት ነው፣ የሚጠየቀው ጥፋቱ በተሰማበት ደጅ ነው፤ ይህን አውቃለሁ፣ ሌላ ሰው ሲያደርገው አይቻለሁ። እኔ ግን ሰው ፊት መቆም የሚያስጨንቀኝ ሰው ነኝ። ለብርቄ ብቻ ነግሬ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ኮምቦልቻ ከታች ታየችኝ፤ የሙቀቱ አየር በመስኮት ሲገባ ልመለስ ልመለስ አሰኘኝ። ሐርቡ ላይ ዘይነብ ቆማ ጠበቀችኝ። ከዚያ በእግር ነው።

የመጀመሪያው ቤት የእማ ሐዋ ነበር። ዘይነብን ሲያዩ ወደ ጓሮ ሊገቡ ተነሡ። "አሰላሙ አለይኩም እማ ሐዋ፣ እንግዳ ይዤ ነው" አለቻቸው። ቆሙ። እኔ ደጁ ላይ ሆኜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስልኩን፣ ሰዓቱን፣ ወረቀቱን። ግማሹ እንዳልገባቸው አየሁ። አቋረጥኩና በአጭሩ "እርስዎ የማሉት እውነት ነው። እሷም የመዘገበችው እውነት ነው። የዋሸው የእኔ ወረቀት ነው። አፉ በሉኝ" አልኩ።

አሮጊቷ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። "ያረቢ" አሉ። "ይቺ ልጅ ጀምበር ወጥታ፣ ጤዛው ሳይደርቅ ነው እቤቴ የምትገባው። ልናገር ስል ዝም በይ አሉኝ። ወላሂ ብዬ ከእንጀራዋ አስወጣኋት እያልኩ፣ እስከዛሬ ሰላቴን እንኳ ደህና አድርጌ አልሰገድኩም። ስትመጣ ዓይኗን ማየት አቅቶኝ እደበቃለሁ። አንቱ ይሄን ለምን ቶሎ አልነገሩኝም?"

እሳቸው ተነሥተው ዘይነብን አንገቷን አቅፈው አለቀሱ፤ እሷም አለቀሰች። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩና "አፉ ብያለሁ" አሉ፤ "አላህም አፉ ይበልዎ።" ሰባተኛው ቤት ላይ አንዷ እናት በሩን ዘጋችብኝ። ዘይነብ ከውጭ አባብላ አስከፈተቻት። ዘጠኙንም ቤት ጨረስን። ሁሉም አፉ አሉኝ። ዘይነብ ግን ምንም አላለችም፤ እኔም መጠየቅ ፈርቼ ጎኗ ጎኗ ሄድኩ።

መንገዱ ጋ ስንደርስ ሚኒባሱ ከሩቅ ታየ። አሁን ካልጠየቅሁ አልጠይቅም አልኩ።

"አንቺስ?"

ቦርሳዋን ከትከሻዋ አስተካከለች።

"አፉ ብዬዎታለሁ ጋሼ" አለች፣ "ከልቤ ነው። ግን ድሮ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ሕፃኑን ነበር። አሁን ሰዓቱን ነው።"